እማዬ ከመፈረሟ በፊት

ጥያቄ፦ «ውድ አዘጋጆች፣ እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ምሥራቅ ጎጃም፣ ገጠር ውስጥ ነው። እንቅርቷ ለብዙ ዓመት ሳያስቸግራት ኖረ። ከዓምና ወዲህ ግን በጀርባዋ ስትተኛ ያፍናታል፣ እንጀራ ስትውጥም ይይዛታል። አዲስ አበባ አምጥተን አስመረመርናት። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ካንሰር አላሳየም፤ የደም ምርመራዋም ደህና ነው። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተብሎ ወረፋዋ ሊደርስ 9 ቀን ቀርቶታል። ባለፈው ቀጠሮ አንድ ወጣት ሐኪም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አምጥቶ ‹የተለመደ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሙ› አለን። ታላቅ ወንድሜ ፈረመ። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ እሷን የጠየቃት የለም። ማታ ‹ለመሆኑ ምን ሊያደርጉኝ ነው?› ስትለኝ መልስ አጣሁ። ወንድሜ ‹አደጋውን ከሰማች ፈርታ አገሯ ትመለሳለች፣ ዝም በይ› ይለኛል። እኔም ካርዷ ላይ ‹ቶታል› የሚል ቃል ከማየት በቀር የማውቀው የለም። ልንገራት? ብነግራትስ እንዴት? የወንድሜ ፊርማስ ይበቃል?» — ልጇ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣

ንገሪያቸው። ወረቀቱም በእናትሽ እጅ እንደገና ይፈረም። 9 ቀን ለሁለቱም ይበቃል።

የፊርማው ነገር አጭር ስለሆነ እሱን እናስቀድም። ለአካለ መጠን የደረሰና ማመዛዘን የሚችል ሰው በገዛ አካሉ ላይ ለሚደረግ ሕክምና የሚስማማው ራሱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ቤተሰብ በታካሚው ቦታ የሚገባው ታካሚው ራሱን ሲስት፣ ሕመሙ ማመዛዘን ሲከለክለው ወይም ልጅ ሲሆን ነው። ፊደል አለመቁጠር ከእነዚህ ውስጥ የለም። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀቱ በሚገባው ቋንቋ ይነበብለታል፣ ይብራራለታል፣ ከዚያ ምስክር ባለበት አውራ ጣቱን ያትማል። ወንድምሽ በምስክርነት ቢፈርም መልካም ነው፤ የእናትሽን ቦታ ግን አይተካም።

አንድ ነገር ደግሞ ከቤተሰቡ ሁሉ አእምሮ ይውጣ። ብዙ ሰው ያንን ወረቀት «ብሞት ጠያቂ የለኝም» ብሎ እንደ መፈረም ያየዋል፤ እጁ የሚንቀጠቀጠውም ለዚህ ነው። ወረቀቱ ያ አይደለም። ሐኪም በቸልተኝነት ለሚያደርሰው ጉዳት ነጻ አያወጣውም። የሚመሰክረው አንድ ነገር ነው፦ ምን እንደሚደረግ፣ ለምን እንደሚደረግ፣ ምን ሊያጋጥም እንደሚችል፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ ተስማምቻለሁ። እናትሽ ያልሰሙትን ነገር ሰምቻለሁ ብሎ ሌላ ሰው ሲፈርምላቸው ወረቀቱ ሐሰት ይሆናል። ደግሞም ከፈረሙ በኋላ፣ ማደንዘዣ እስኪሰጣቸው ድረስ፣ ሐሳባቸውን መቀየር ይችላሉ። ይህን ማወቅ ራሱ ብዙ ሰው ያረጋጋል።

ወደ ወንድምሽ ሥጋት እንምጣ። የሚናገረው ከፍቅር ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥጋት በየሆስፒታሉ ደጅ የማይሸከም ቤተሰብ የለም። ግን እስቲ ነገሩን እስከ መጨረሻው አብረን እንከተለው። እንቅርት ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው 100 ሰዎች ከ20 እስከ 30 ያህሉ በደማቸው ያለው ካልሲየም ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ዝቅ ይልባቸዋል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ከንፈርና የጣት ጫፍ ይነዝራል፣ ይደነዝዛል፤ ሲብስ እጅ ይኮማተራል። እናትሽ ይህ አልተነገራቸውም እንበል። ሌሊት ጣታቸው ሲደነዝዝ ሽባ የሆኑ ይመስላቸዋል፤ ወይም «ልጆቼን አላስጨንቅ» ብለው ዝም ይላሉ። የተነገራቸው ከሆነ ግን ነርሷን ይጠራሉ፤ ደማቸው ይታያል፤ በካልሲየም ክኒን፣ ከባሰም በደም ሥር በሚሰጥ ካልሲየም ይስተካከላል። ወንድምሽ የሸሸገው አደጋ መምጣቱን አይተውም፤ እናቱ ግን ምን እንደሆነ ሳያውቁ ብቻቸውን ይገናኙታል። በዚያ ላይ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ታካሚ፣ ሌላ አስታማሚ አለ፤ ወሬ አለ። ታካሚ ከአልጋ ተነሥቶ አገሩ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ከቤተሰቡ ያልሰማውን ከጎረቤት አልጋ፣ ያውም ተጋኖ፣ ሲሰማ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉንም ዘርግፊባቸው ማለት አይደለም። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። «እማዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ልንገርሽ ወይስ ዋና ዋናውን?» ብለሽ ጠይቂያቸው። «እናንተ ከተስማማችሁበት ይበቃኛል» ካሉ ያም የእሳቸው ውሳኔ ነው፤ ከአንደበታቸው ሐኪሙም ይስማው። ሁለት ነገሮች ግን በዚህም ጊዜ አይታለፉም፦ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አስቸኳይ እርዳታ የሚያስጠሩ ምልክቶችና ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ክኒን መኖር አለመኖሩ።

አሁን አንቺ ራስሽ ማወቅ ያለብሽን እናስረዳሽ፤ ያልገባሽን ማስረዳት አትችዪምና።

በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል እጢ አለ። ጤነኛው ከ15 እስከ 25 ግራም ይመዝናል። ሥራው የሰውነትን ፍጥነት የሚያዝ ንጥረ ነገር ማመንጨት ነው፤ የልብ ምት፣ ሙቀት፣ ጉልበት፣ የሆድ ድርቀት ሳይቀር በእሱ ይታዘዛሉ። እጢው ሲያብጥ እንቅርት ይባላል። የእናትሽ እጢ ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው፤ የደም ምርመራቸው ደህና የሆነው ለዚህ ነው። ችግሩ ቦታ ማጣበቡ ነው፤ ከኋላው ያለውን የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ ይጫናል። በጀርባቸው ሲተኙ የሚያፍናቸው፣ እንጀራው የሚይዛቸውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ጫና በጊዜ ብዛት ይጨምራል እንጂ ራሱ አይለቅም። «ባይሠራስ?» ብለው ቢጠይቁሽ መልሱ ይህ ነው፦ ዛሬ ነገ የሚገድል ነገር አይደለም፣ ግን ማፈኑ እየባሰ ይሄዳል፤ እያደገ ሲሄድ ኦፕራሲዮኑም ይከብዳል።

ኦፕራሲዮኑ በሙሉ ማደንዘዣ ነው። ይተኛሉ፤ በአፋቸው በኩል ወደ አየር ቧንቧ ቱቦ ገብቶ መሣሪያው ያስተነፍሳቸዋል። በአንገት ግርጌ ባለው የቆዳ መስመር ላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ እንቅርቱ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ፣ ይቀደዳል። እጢው ከአካባቢው በጥንቃቄ ተለይቶ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል። አንዳንዴ ደምና ፈሳሽ የምታወጣ ቀጭን ቱቦ ለአንድ ሁለት ቀን ትቀመጣለች፤ ይህን ቀድመው ካልሰሙ ነቅተው ሲያይዋት ይደነግጣሉ። የወጣው እጢ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ በመርፌ የተወሰደው ናሙና ከእጢው ጥቂቱን ብቻ ስለሚያሳይ ሙሉው ውጤት የሚታወቀው ያኔ ነው። ውጤቱን መቼ፣ ከማን እንደምትወስዱ ዛሬውኑ ጠይቂ። ቁስሉ ዳነ ተብሎ ውጤቱ ሳይወሰድ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሥራውን ጥንቃቄ የሚያሻው የሚያደርጉት የእጢው ጎረቤቶች ናቸው። ከጀርባው በግራና በቀኝ እንደ ፈትል የቀጠኑ የድምፅ ነርቮች ያልፋሉ። እዚያው ላይ ተጣብቀው የምስር ፍሬ የሚያክሉ፣ ብዙውን ጊዜ አራት የሆኑ ሌሎች እጢዎች አሉ፤ የደም ካልሲየምን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ከላይ ያልነው የጣት መደንዘዝ የሚመጣው እነዚህ ሲደክሙ ነው። አብዛኛው ሰው ያገግማል፤ ከ100 ከ1 እስከ 4 ያህሉ ግን ካልሲየም ለረጅም ጊዜ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ መውሰድ ይኖርባቸዋል።

የድምፅ ነርቭ ሲነካ ድምፅ ይጎረንናል። ከ100 ከ5 እስከ 10 ያህሉ ለሳምንታት ወይም ለወራት እንዲህ ይሆናሉ፤ በዚያው የሚቀርባቸው ከ100 አንድ ወይም ሁለት ናቸው። እንቅርቱ በጣም ትልቅ ከሆነ ወይም ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የሁለቱም ጎን ነርቮች አብረው የሚጎዱበት፣ መተንፈስ ከብዶ አንገት ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ እጅግ ጥቂት ነው። ሌላ ከፍ ብሎ የሚያልፍ ቀጭን ነርቭ አለ፤ እሱ ሲጎዳ ወግ ማውራት አያቅትም፣ ድምፅን ከፍ ማድረግ ግን ይከብዳል። ይህን እኛ አገር «የድምፅ ለውጥ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። እናትሽ እልል ማለት ሊከብዳቸው ይችላል፤ ከማዶ ልጅ መጣራት ሊያቅታቸው ይችላል። ለመሪጌታ፣ ለዘፋኝ፣ ለመምህር ደግሞ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እናትሽ በሠርግና በክርስትና ፊት ቀድመው እልል የሚሉ ሰው ከሆኑ ሐኪሙ ይወቀው፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የድምፅ አውታራቸው በመሣሪያ ይታይ እንደሆነም ጠይቂ።

ሦስተኛው መድማት ነው። ከ100 አንድ ሰው ያህል ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንገቱ ውስጥ ይደማል፤ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት፣ አብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ። ደሙ በጠባብ ቦታ ሲጠራቀም የአየር ቧንቧን ስለሚዘጋ ቁስሉ ወዲያው መከፈት አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሌሊት የሚያስታምም ሰው እንቅልፋም አይሁን። አንገት ሲወጠር፣ ፋሻው ሲጠብ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ሲያፏጭ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ቅጽበት ነርስ ይጠራል።

እንግዲህ ካርዱ ላይ ወዳየሽው ቃል እንምጣ። ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ እናትሽ አለመጠየቃቸው ነው። «ቶታል» ማለት እጢው ሁለቱም ክንፉ ሙሉ በሙሉ ይወጣል ማለት ነው። እጢው ከወጣ ሥራውን የሚሠራ የለም፤ ስለዚህ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ለአንድ ኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ፣ ማለትም 55 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 88 ያህል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ደም ታይቶ ይስተካከላል። ክኒኑ በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጣል፤ ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መቆየት አለባቸው። ካልሲየም ወይም የደም ማነስ ክኒን አብሮ ከታዘዘ በ4 ሰዓት ይራራቃሉ፤ አብረው ከተዋጡ ሌቮታይሮክሲኑ ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። አንድ ቀን ቢረሳ አያስደነግጥም። ለሳምንታት ሲቋረጥ ግን ብርድ ብርድ ይላል፣ ፊት ያብጣል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሐሳብ ይፈዛል፤ ሲቆይ ለሕይወትም ያሰጋል።

አሁን ይህን ከእናትሽ ኑሮ ጋር አስተያዪው። ክኒኑ በአቅራቢያቸው ካለ ከተማ ይገኛል? ማን ያመጣላቸዋል? በክረምት መንገድ ሲቆረጥስ? በጾምና ቁርባን ባለበት ቀን ጠዋት ውሃ መጠጣት አይችሉም፤ ለዚህ መፍትሔ አለ፣ ክኒኑ ከራት 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ ማታ ሊወሰድ ይችላል፤ ካልተነገራቸው ግን በጾም ወራት ጨርሰው ይተዉታል። የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ሐኪሙ ሊያውቅ አይችልም። ገበያውንም መንገዱንም የሚያውቁት እናትሽ ናቸው።

ያበጠው አንዱ ክንፍ ብቻ ከሆነ ያንን ብቻ ማውጣት ሊቻል ይችላል። ያኔ ከ5 ሰው 4 ያህሉ ያለ ክኒን ይኖራሉ፤ የካልሲየሙ ሥጋትም በጣም ይቀንሳል። ዋጋው ደግሞ የቀረው ክንፍ ከዓመታት በኋላ ሊያብጥ መቻሉ ነው፤ ጠባሳ ባለበት ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ለድምፅ ነርቭ የበለጠ አደገኛ ነው። ሁለቱም ክንፎች አብጠው ከሆነ ምርጫው ይጠብባል፤ ሙሉ በሙሉ ማውጣቱ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። የአልትራሳውንዱን ወረቀት ይዘሽ «ያበጠው አንዱ ነው ሁለቱም? ግማሹን ማውጣት ለምን አይበቃም?» ብለሽ ጠይቂ። ሐኪሙ በቂ ምክንያት ካለው በሁለት ደቂቃ ያስረዳሻል። ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት በእናትሽ አቅራቢያ ወዳለው ከተማ ሁለት ፋርማሲ ደውዪ፤ ሌቮታይሮክሲን ያለማቋረጥ ይኑር አይኑር፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ጻፊ።

እናትሽን ስታነጋግሪ ጊዜ ምረጪ። ራውንድ ላይ (ሐኪሞች በየአልጋው እየዞሩ ታካሚ በሚያዩበት ሰዓት)፣ መኪና ውስጥ፣ እንግዳ በተሰበሰበበት አይሁን። ቡናው ተፈልቶ፣ ወንድምሽም ባለበት ይሁን፤ እሱም ራሱ ብዙውን አያውቅምና ይስማ። በመጀመሪያ አንቺ አትናገሪ፤ «እማዬ፣ ምን የሚያደርጉሽ ይመስልሻል? የምትፈሪውስ ምኑን ነው?» ብለሽ አድምጪ። ምናልባት የሚፈሩት አንቺ ያላሰብሽውን ነው። ብዙ እናቶች ስለ ድምፅ ነርቭ አይጨነቁም፤ «ሳልነቃ ብቀር»፣ «አስከሬኔ በማን ብር ይሄዳል»፣ «የወሰዱትን ሥጋ የት ይጥሉታል» ነው ጭንቀታቸው። እሱ ሳይመለስ ሌላው አይሰማም።

ከዚያ በሦስት ቁራጭ ንገሪያቸው፦ ምን እንደሚወጣና ለምን፣ ምን ሊያጋጥም እንደሚችል፣ ከዚያ በኋላ ኑሯቸው እንዴት እንደሚሆን። አንገትሽ ላይ በጣትሽ እያሳየሽ። ቁጥሩን «በመቶኛ» ብለሽ አትንገሪያቸው። ሰፌድ ላይ 100 የሽምብራ ፍሬ ቁጠሪና ሁለቱን ለይተሽ «መቶ ሰው ቢሠራ ድምፁ በዚያው የሚቀርበት ይሄን ያህል ነው፤ እነዚህ ሁሉ ደህና ናቸው» በያቸው። ሁለቱንም ወገን ማሳየት ያስፈልጋል። ዘጠና ስምንቱን ብቻ ማሳየት ማባበል፣ ሁለቱን ብቻ ማሳየት ማስፈራራት ነው።

ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ «ገባሽ?» አትበዪ። ለዚህ ጥያቄ የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ ከአክብሮትም፣ ከሐፍረትም። ይልቅ «እኔ በደንብ አስረድቼሽ እንደሆን ልወቅ፤ ነገ አክስቴ ደውላ ምን ሊያደርጉሽ ነው ብትልሽ ምን ትያታለሽ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። በራሳቸው ቃል ሲናገሩ የጎደለው ወዲያው ይታያል። የጎደለውን ብቻ በሌላ አባባል ድገሚና እንደገና ጠይቂ። ከዚያም አደር ብሎ በማግሥቱ ድገሙት፤ የሰማውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ሰው የለም።

የሚያሳስቱ ቃላት አሉ። «ናሙና» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «ካንሰር» ነው፤ የመርፌው ናሙና ካንሰር እንዳላሳየ፣ ሙሉው ውጤት ግን እጢው ሲወጣ እንደሚታወቅ በግልጽ ንገሪያቸው። «ማደንዘዣ» ሲባል ጥርስ ሲነቀል የሚሰጠውን መርፌ የሚያስቡ አሉ፤ እነሱ ቢላዋው ሲያርፍ የሚያዩ ይመስላቸዋል። «እንቅርቱ ይወጣል» ሲባል እብጠቱ ብቻ ተቆርጦ እጢው የሚቀር ይመስላቸዋል፤ ስለ ክኒኑ የሚፈጠረው ጠብ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። «ቀላል ኦፕራሲዮን ነው» የሚለውን ደግሞ ከቤታችሁ አውጡት። ላልጠበቁት ችግር ከማዘጋጀት ይልቅ የተዋሹ ያህል እንዲሰማቸው ያደርጋል።

ሐኪሙን ለማግኘት ራውንድ አይመችም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሰውም ይበዛል። በሆስፒታሉ ሊያዞን ቢሮ (የታካሚዎችን ቀጠሮና መኝታ በሚያስተናግደው) ወይም በተመላላሽ ክፍሉ ነርስ በኩል «ስምምነቱን በድጋሚ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር እንፈልጋለን፣ 10 ደቂቃ ይበቃናል» በዪ። ይህ ሐኪሙን መጠራጠር አይደለም፤ ወረቀቱ ራሱ የሚጠይቀው ነው። ጥያቄዎቹን ጽፈሽ ሂጂ። ኦፕራሲዮኑን የሚሠራው ማን ነው? ማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ሊሠራው ይችላል፤ ያ በራሱ ክፉ አይደለም፣ ግን አብሮት የሚቆመው ስፔሻሊስት ማን እንደሆነ ማወቅ ይገባችኋል። ደም ያስፈልግ ይሆን? ስንት ቀን ይተኛሉ? የካልሲየም ምርመራ መቼ ይደረጋል? ወደ ገጠር መመለስ የሚችሉት መቼ ነው? የመጀመሪያው ቀጠሮ ሳያልፍና ካልሲየማቸው ሳይታይ አውቶቡስ ባይሳፈሩ ይሻላል። አንዱን ጥያቄ እናትሽ ራሳቸው ይጠይቁ፤ ሐኪም ከአስታማሚው ይልቅ ታካሚው ሲጠይቀው መልሱ ይለወጣል፣ ዐይን ለዐይን ይተያያሉ።

ወረቀቱ ሲመጣ ባዶ ቦታ ያለበት አይፈረም። የኦፕራሲዮኑ ስም በምህጻር ሳይሆን በሙሉ ቃል መጻፉን፣ «ሙሉ» ወይም «ቀኝ ብቻ» ወይም «ግራ ብቻ» መባሉን እዩ። «አስፈላጊ ሆኖ የተገኘ ሌላም ሥራ» የሚል ሐረግ ካለ በእናትሽ ሁኔታ ምን ምን ማለት እንደሆነ ይነገራችሁ። ቀንና ሰዓት ይጻፍበት። በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በኦፕራሲዮኑ ጠዋት በስትሬቸር ላይ፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ፣ አይፈረም። የቀደመው የወንድምሽ ፊርማ ከካርዱ ጋር ቢቀመጥም አዲሱ ይያያዝበት።

የማደንዘዣ ባለሙያው ለብቻው ይመጣል፤ የሚጠይቀውም ሌላ ነው። የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ከዚህ በፊት የወሰዱት ማደንዘዣ፣ ቤተሰብ ውስጥ በማደንዘዣ የተጎዳ ሰው፣ አስም፣ የደም ግፊት ክኒን፣ የባህል መድኃኒትም ጭምር ይነገረው፤ ሳያፍሩ። በጀርባ ሲተኙ እንደሚያፍናቸው መንገርሽን ግን እንዳትረሺ፤ ቱቦው እንዴት እንደሚገባ የሚያቅደው በዚህ ነው። ከነቁ በኋላ ጉሮሯቸው ሁለት ሦስት ቀን ይከረክራል፤ ይህ ከነርቭ ጉዳት ጋር አይምታታባችሁ። ምግብ ቢያንስ ከ6 ሰዓት በፊት፣ ቅባት የበዛበት ከሆነ ከ8 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውሃ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማል የሚለው የተለመደው ልክ ነው፤ ሆስፒታሉ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ካለ እሱን ተከተሉ። ምክንያቱን ንገሪያቸው፦ ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ተመልሶ ሳንባ ይገባል። ምክንያቱን የሰማ ሰው «ትንሽ ብትቀምስ ምን አለበት» ከሚል ዘመድ እጅ ጉርሻ አይቀበልም።

በኦፕራሲዮኑ ቀን፣ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ መሠረት ስማቸውን፣ ምን እንደሚሠራላቸውና የት ቦታ እንደሆነ፣ መስማማታቸውንም ይጠየቃሉ። ያን ጊዜ አንቺም ወንድምሽም በር ላይ ናችሁ፤ የሚመልሱት ብቻቸውን ነው። ስለዚህ በዋዜማው ማታ አንቺ ነርሷን ሆነሽ ጠይቂያቸው። «እንቅርቴ ሁለቱም ወገን ይወጣል፣ ስለሚያፍነኝ፤ ክኒን እስከ ዕድሜዬ እወስዳለሁ፤ ጣቴ ከደነዘዘ፣ አንገቴ ከተወጠረ እጣራለሁ» ካሉሽ ተኙ። ካመነቱ ግን ጠዋት ከሁሉ በፊት ሐኪሙ ይጠራ፤ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል።